የቫዮሊኖቹ ባለቤት ማን ነው? የዴቪድ ዊታከር የሥራ ዘመንና የአቀናባሪ መብት ጥያቄ

ሜይ 23 ቀን 2019 ለንደን ውስጥ በተካሄደው የአይቮር ኖቬሎ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ የዘ ቨርቭ ባንድ ድምፃዊ የነበረው ሪቻርድ አሽክሮፍት ለብሪታንያ ሙዚቃ ላበረከተው አስተዋጽኦ የተሰጠውን ሽልማት ሲቀበል አንድ የምሥራችም ይዞ ነበር። በ1997 የወጣውና ባንዱን ከአገር አልፎ ያሳወቀው «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» የተባለው ዘፈን፣ የድርሰት ገቢው ለሃያ ሁለት ዓመት ያህል በሕግ የሌሎች ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ እጁ መመለሱን ተናገረ። የሮሊንግ ስቶንሶቹ ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ በዘፈኑ ላይ የነበራቸውን ድርሻ ለእሱ ለመተው ፈርመዋል፤ ስማቸው ከደራሲዎቹ ዝርዝር ቢወጣም ቅር እንደማይላቸው ገልጸዋል። ዜናው የተሰማው በሁለት ወገኖች መካከል የነበረ የቆየ ቅሬታ በዕርቅ እንዳለቀ ሆኖ ነው።

በዚህ ዕርቅ ውስጥ ስሙ ያልተነሣ ሦስተኛ ሰው ግን ነበር። ዘፈኑን ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚያስለየው፣ እየዞረ እየተመለሰ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው የቫዮሊኖች ሐረግ ከአሽክሮፍትም፣ ከጃገርም፣ ከሪቻርድስም ብዕር አልወጣም። ያ ሐረግ የመጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተቀረጸ የኦርኬስትራ አልበም ሲሆን፣ ቅንብሩን በኖታ የጻፈው እንግሊዛዊው አቀናባሪ፣ የፊልም ሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ዴቪድ ዊታከር ነው። ዊታከር በ1931 ተወልዶ በጃንዋሪ 2012 በ81 ዓመቱ አርፏል፤ ዕርቁ ሲወርድ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በሕይወት ቢኖርም ኖሮ ግን የሚደርሰው ነገር ስለመኖሩ ያጠራጥራል፤ በሕጉ ዓይን የሚጠይቀው ድርሻ አልነበረውምና።

የዊታከር የሥራ ዘመን በአንድ በኩል የአንድ ጎበዝ ባለሙያ ታሪክ ነው። በሌላ በኩል ግን ስለ አቀናባሪነት የሚነሣውን፣ ዛሬ ሙዚቃ የሚሠሩ ማሽኖች ሲመጡ ደግሞ ይበልጥ የጠነከረውን ጥያቄ ከማናቸውም የሕግ መጽሐፍ አጥርቶ ያሳያል። ይኸው አንድ ሰው በአንድ ብዕር፣ ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ ስቱዲዮዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራ ነበር። ለፊልም ሲጽፍ ሕጉ «ደራሲ» ይለው ነበር፤ ለዘፋኞች ሲያቀናብር ግን በተግባር የሚታየው ዋጋውን ተቀብሎ እንደሚሄድ ባለሙያ ነው። በጆሮ ሲመዘን ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋ አይደለም።

ሦስት ሰዓት፣ አንድ ስቱዲዮ

የአቀናባሪን ሥራ ለመረዳት በ1960ዎቹ ለንደን ውስጥ አንድ ዘፈን እንዴት ይቀረጽ እንደነበር ማየት ይጠቅማል። በሙዚቀኞች ማኅበርና በኩባንያዎቹ ስምምነት መሠረት አንድ የቀረጻ ክፍለ ጊዜ የሚቆየው ሦስት ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥም ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ዘፈን ማለቅ ነበረበት። የቫዮሊን፣ የቼሎና የትንፋሽ ተጫዋቾቹ ለቀረጻ ብቻ የሚቀጠሩ፣ ጠዋት ለአንድ ድምፃዊ፣ ከሰዓት ለማስታወቂያ፣ ማታ ለፊልም የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ስቱዲዮ ገብተው ኖታውን የሚያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ያኔውኑ አንብበው ይጫወቱታል። እንዲህ ያለው ፍጥነት ሊኖር የሚችለው አንድ ሰው አስቀድሞ ሁሉን ነገር በወረቀት ላይ ካሰናዳ ብቻ ነው፤ ያም ሰው አቀናባሪው ነው።

ለአቀናባሪው የሚደርሰው አንድ ዜማና ግጥም፣ ቢበዛ ከጊታር ወይም ከፒያኖ ጋር የተቀዳ ሻካራ ቅጂ ነው። መግቢያው ምን ይሁን? ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን የሚሞላው ምንድን ነው? ሁለተኛው ቤት ከመጀመሪያው በምን ይለያል? ቫዮሊኖቹ የሚገቡት የት ነው? የእነዚህ ሁሉ መልስ በዜማው ውስጥ አስቀድሞ የለም፤ አቀናባሪው ይፈጥረዋል። ብዙ ጊዜ አድማጭ «ያ ዘፈን» ብሎ የሚያንጎራጉረው መግቢያ ዘፋኙም ዜማ ደራሲውም ፈጽሞ ያላሰቡት ነው። በአገራችን የካሴትና የሲዲ ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ሦስት ስም ሲጻፍ ያየ አንባቢ፣ በእንግሊዙ አሠራር ገንዘብ የሚከፈልበት ዝርዝር በሁለቱ ላይ መቆሙን ሲሰማ ሊገርመው ይችላል።

ዊታከር ወደዚህ ዓለም የገባው የሮሊንግ ስቶንስ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ወጣቱ አንድሩ ሉግ ኦልድሃም ሐሳብ በሚያፈላበት ዘመን ነው። ኦልድሃም በብዙ መሣሪያ በተሞላ ድምፅ የሚታወቀው የአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ፊል ስፔክተር አድናቂ ስለነበር በራሱ ስም «አንድሩ ኦልድሃም ኦርኬስትራ» የተባለ ነገር አቋቋመ። ስሙ ኦርኬስትራ ይባል እንጂ ቋሚ የሙዚቃ ጓድ አልነበረም፤ እንደ ቀረጻው ሁኔታ የሚሰባሰቡ ቅጥር ሙዚቀኞች ነበሩ። የስቶንስን ዘፈኖች ያለ ግጥም፣ በኦርኬስትራ ብቻ የያዘ አልበም ለማውጣት በታሰበ ጊዜ፣ በ1965 የወጣው «ዘ ላስት ታይም» የተባለው ዘፈን ቅንብር ለዊታከር ተሰጠ።

የስቶንስ ዘፈን በጊታር ምት ላይ የቆመ፣ ጠንከር ያለ ሮክ ነው። ዊታከር ግን ፍጥነቱን አበረደው፤ ከሥሩ ያለውን የስምም (የሃርመኒ) አጥንት ይዞ፣ በላዩ ላይ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ክብረ በዓል የሚመስል የቫዮሊን ሐረግ አለበሰው። ሁለቱን ቀረጻዎች አከታትሎ ለሚያዳምጥ ሰው ዝምድናቸው የሚገባው ጆሮውን ሲጥል ብቻ ነው። ይህ የእኔ ጆሮ ፍርድ ነው፤ የተለየ የሚሰማ ቢኖር አልከራከርም፤ የጊታሩ ሐረግ ግን በቫዮሊኖቹ ውስጥ የለም፣ የቫዮሊኖቹም ሐረግ በጊታሩ ውስጥ የለም። አልበሙ ብዙ ጩኸት ሳያስነሣ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከአሮጌ ሸክላዎች መካከል ተቀመጠ።

ፓሪስ ለንደንን የፈለገበት ጊዜ

የዊታከር ስም ከእንግሊዝ ይልቅ በፈረንሳይ የሚታወቅ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በ1960ዎቹ የፈረንሳይ ድምፃውያን የለንደንን ድምፅ ይመኙ ስለነበር የቻለ ሁሉ ባሕሩን እየተሻገረ ለንደን ይቀረጽ ነበር። ሰርዥ ጌንስቡር በ1967 «ኮሚክ ስትሪፕ»ን ሲቀርጽ ያቀናበረለት ዊታከር ነው፤ በ1968 በወጣው «ኢኒሲያል ቤ ቤ» በተባለው አልበም ውስጥም የዊታከር ቅንብሮች የሌሎቹ አቀናባሪዎች፣ የአርተር ግሪንስሌድና የሚሼል ኮሎምቢዬ ሥራዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ጌንስቡር የራሱን ዜማ በሌላ ሰው ቅንብር ማልበስን እንደ ልብስ መቀያየር የሚያየው፣ ለዘመኑ የሚስማማውን አቀናባሪ የመምረጥ ተሰጥኦ የነበረው ሰው ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዣን ክሎድ ቫኒዬ ጋር በ1971 ባወጣው «ኢስቷር ደ ሜሎዲ ኔልሰን» አቀናባሪው በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ በድርሰት ተባባሪነትም ተመዝግቧል።

ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ የደራሲዎችን ገንዘብ የሚሰበስበው ሳሴም የተባለው ማኅበር ከገጣሚና ከዜማ ደራሲ ጎን አቀናባሪን እንደ አንድ የባለመብት ዓይነት ያውቀዋል፤ የጀርመኑ ጌማም እንዲሁ። ድርሻው ትንሽ ነው፣ የዋናውን ደራሲ ፈቃድም ይጠይቃል፤ ሆኖም በቅጹ ላይ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ አለ። በእንግሊዝ ልማድ አቀናባሪው ከሙዚቃ አሳታሚው፣ ማለትም የድርሰቱን መብት ከሚያስተዳድረው ኩባንያ ጋር ተደራድሮ ካልተስማማ በቀር እንዲህ ያለ ድርሻ ከደጁ አይመጣለትም። አብዛኛውም አቀናባሪ በዚያ ዘመን የመደራደር አቅም አልነበረውም፤ ዛሬ የሚሻል ነገር ቢኖር ጥቂት ነው።

ፈረንሳዮች ዊታከርን በስተርጅናው እንደገና ፈልገው ያገኙት መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም። ኤቲየን ዳኦ በ1996 ላወጣው «ኤደን» ለተባለው አልበሙ ባለክር መሣሪያዎቹን እንዲጽፍለት ጠራው። ሁለቱ የቬርሳይ ልጆች፣ ኤር የተባለው ጓድ፣ በጃንዋሪ 1998 ባወጡት «ሙን ሳፋሪ» ላይ «ታሊስማን» እና «ሪመምበር» የተባሉትን ሥራዎች ባለክር ክፍል የጻፈውና የመራው እሱ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ አልበም የወጣው «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» ከዓለም ሬዲዮዎች ላይ ገና ሳይወርድ ነው። በአንድ ሰሞን የአንድ ሰው ቫዮሊኖች በሁለት ታላላቅ ሥራዎች ውስጥ ይሰሙ ነበር፤ በአንደኛው ተጋብዞ፣ ተከፍሎት፣ ስሙ ተጽፎ፤ በሌላኛው ከደራሲዎቹ ተራ ውጭ ሆኖ።

«ሙዚቃ፦ ዴቪድ ዊታከር»

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዊታከር ወደ ፊልም አዘነበለ። «ሐመርሄድ» የተባለውን የስለላ ፊልም (1968)፣ «ረን ዋይልድ፣ ረን ፍሪ»ን (1969)፣ «ስክሪም ኤንድ ስክሪም አጌን»ን (1970) ሠራ። በአስፈሪ ፊልሞቹ ከሚታወቀው ከሐመር ኩባንያ ጋር ደግሞ «ዶክተር ጄኪል ኤንድ ሲስተር ሃይድ» (1971) እና «ቫምፓየር ሰርከስ» (1972) የተባሉትን ፊልሞች ሙዚቃ ጻፈ። በ1982 የወጣው «ዘ ሶርድ ኤንድ ዘ ሶርሰረር» ምናልባት በሰፊው የተሰማለት የፊልም ሥራው ነው፤ በዚያ ላይ ሙሉ ኦርኬስትራ፣ መለከትና ከበሮ፣ በዘፈን ቅንብር ውስጥ ቦታ የማያገኘውን ሁሉ እንዲጽፍ ዕድል አግኝቷል።

የፊልም ሙዚቃና የዘፈን ቅንብር የሚጠይቁት ችሎታ ሲመዘን እጅግ የተቀራረበ ነው። በሁለቱም ጸሐፊው ራሱ ካላዘጋጀው ነገር ጋር ይገጥማል፤ በአንደኛው የተቆረጠ ምስል፣ በሌላኛው የተዘጋጀ ዜማ። በሁለቱም ጊዜው አጭር፣ ገንዘቡ የተወሰነ፣ አዛዡ ሌላ ሰው ነው። በሁለቱም ሙዚቃው የሚያገለግለው ከራሱ ውጭ ያለን ነገር ነው። ይህን ሁሉ ከግምት ያስገባ ሰው ሕጉ ሁለቱን በተመሳሳይ ዓይን ያያቸዋል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ሆኖም የፊልም ሙዚቃ ደራሲ አዲስ ሥራ እንደ ፈጠረ ስለሚቆጠር፣ ፊልሙ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር በደራሲዎች ማኅበር በኩል የሚደርሰው ገንዘብ አለ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከሲኒማ ቤቶችም ይሰበሰባል፤ በአሜሪካ ግን በ1948 በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት የሲኒማ ቤት ክፍያ ቀርቷል። የእንግሊዝ ዘፈን አቀናባሪዎች በዚያ ዘመን ወደ ፊልምና ወደ ቴሌቪዥን የጎረፉበት ምክንያት የኪነ ጥበብ ጥማት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የቀን አበል ከሚከፈልበት እርሻ ወደ ራስ ማሳ እንደ መዛወር ነበር፤ ማሳው ትንሽ ቢሆንም።

ማሳውም ቢሆን አጥሩ ጠንካራ አልነበረም። «ስክሪም ኤንድ ስክሪም አጌን» ከዓመታት በኋላ ለአሜሪካ ገበያ በቪዲዮ ካሴት ሲወጣ የዊታከር ሙዚቃ ከፊልሙ ተገፍፎ፣ በቦታው ሌላ ሰው በሲንተሳይዘር የሠራው ሙዚቃ ገብቶበታል። ፊልሙን በካሴት ብቻ ያወቀ አንድ ትውልድ የዊታከርን ሥራ ሳይሰማው አለፈ ማለት ነው።

ሕጉ የሚያየውና የማያየው

የ«ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» ጣጣ የመጣው አንድ ቀረጻ ሁለት መብት ስላለው ነው። አንዱ በቀረጻው ላይ ያለ መብት ሲሆን፣ የሸክላው ባለቤት የነበረው የዴካ ኩባንያ ነበር። ሁለተኛው በድርሰቱ ላይ ያለ መብት ነው፤ ይህም የስቶንስ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ በነበረው በአለን ክላይን ኩባንያ እጅ ነበር። ዘ ቨርቭ ከኦልድሃም ኦርኬስትራ ቀረጻ ቆርጦ ለመጠቀም ከዴካ ፈቃድ አገኘ፤ የድርሰቱ ባለመብት ግን አልተስማማም። ክርክሩ ሲያበቃ የድርሰቱ ገቢ በሙሉ ወደ ክላይን ኩባንያ ሄደ፤ የጃገርና የሪቻርድስ ስምም በደራሲነት ገባ። አሽክሮፍት የደረሰው 1,000 ዶላር ብቻ እንደ ነበር በሰፊው ተነግሯል። ዘፈኑ ለግራሚ ሽልማት ሲታጭ የስቶንስ ሰዎች ስም በዕጩነቱ ውስጥ ነበር። አሽክሮፍትም በምሬት፣ ጃገርና ሪቻርድስ በሃያ ዓመት ውስጥ ከጻፉት ሁሉ ይህ ዘፈን የተሻለ ነው ብሎ ቀልዷል።

እዚህ ላይ የነገሩን ምጸት አለማየት አይቻልም። «ዘ ላስት ታይም» ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስቴፕል ሲንገርስ የተባለው የአሜሪካ ጥቁሮች የወንጌል መዘምራን ቤተሰብ በ1950ዎቹ ከቀረጸው፣ ከዚያም በፊት በየቤተ ክርስቲያኑ ሲዘመር ከኖረ መዝሙር ነው የተነሣው፤ ሪቻርድስም ይህን አልካደም። እንግዲህ ከባህላዊ መዝሙር የተነሣው ዘፈን በሕግ የሁለት ሰዎች ሆነ፤ ከዚያ ዘፈን የተነሣውና ዘፈኑን ለማወቅ እስኪያስቸግር ድረስ የለወጠው ቅንብር የእነዚያው የሁለቱ ሆነ፤ በቅንብሩ ላይ አዲስ ዜማና አዲስ ግጥም የጨመረው ሦስተኛው ዘፈንም ተጠቅልሎ ለእነሱው ተሰጠ። ከሰንሰለቱ መጀመሪያ ያሉት መዘምራንና ከመሐሉ ያለው አቀናባሪ በምንም ደረጃ አልተቆጠሩም። በነገራችን ላይ፣ በ1997ቱ ቀረጻ ላይ አዲስ የተጨመሩትን ባለክር መሣሪያዎች ያቀናበረው ዊል ማሎን ነው፤ እሱም ከደራሲዎቹ መካከል አይደለም።

ሕጉ በቀጥታ አቀናባሪን የሚክድ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። በ1988 የወጣው የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ የሙዚቃ ቅንብርን የድርሰት «ማላመድ» ይለዋል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም ይከለክለዋል። በፈቃድ የተሠራና በቂ ችሎታና ድካም የታየበት ቅንብር ግን የራሱ የቅጂ መብት ሊኖረው እንደሚችል ፍርድ ቤቶች ተቀብለዋል። ይህን መብት የሚበላው ውሉ ነው። አቀናባሪው ለሥራው አንድ ጊዜ የሚከፈለውን ሲቀበል፣ በቅንብሩ ላይ ሊኖረው የሚችለውን መብት ሁሉ ለአሳታሚው ወይም ለፕሮዲውሰሩ አሳልፎ የሚሰጥ ፊርማ ማስፈር፣ ወይም እንደ ሰጠ መቆጠር፣ የዘርፉ ልማድ ሆኖ ኖሯል። በሕጉ ያለው መብት በልማዱ ይጠፋል።

ያልተፈረመ ነገር ሲገኝ ምን እንደሚሆን ያሳዩ ጉዳዮች አሉ። በ1967 የወጣው የፕሮኮል ሃረም «ኤ ዋይተር ሼድ ኦቭ ፔል» በመግቢያው የኦርጋን ሐረግ ይታወቃል። ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር ክስ ያቀረበው በ2005፣ ማለትም ከ38 ዓመት በኋላ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2006 የሙዚቃው ተባባሪ ደራሲ ነው ብሎ 40 በመቶ ድርሻ ሰጠው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008 በጣም ዘግይተሃል በማለት ገንዘቡን ነሣው፤ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ደግሞ በጁላይ 2009 የቅጂ መብት በመዘግየት አይጠፋም ሲል መልሶ አጸናለት። ቦቢ ቫለንቲኖ የተባለው ቫዮሊን ተጫዋችም በብሉቤልስ «ያንግ አት ሃርት» ላይ ለተጫወተው መግቢያ የቀረጻ ክፍያ ብቻ ተቀብሎ ነበር፤ ዘፈኑ በ1993 በመኪና ማስታወቂያ ምክንያት ዳግም ገንኖ በእንግሊዝ አንደኛ ከወጣ በኋላ ከስሶ በ2002 ተባባሪ ደራሲ ተብሏል። ክሌር ቶሪ በፒንክ ፍሎይድ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ላይ ያለ ቃል ያዜመችው በ1973 በ30 ፓውንድ ነው፤ በ2005 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምታ ስሟ በድርሰቱ ውስጥ ገባ።

ዊታከር ለምን እንደ እነዚህ ሰዎች አልጠየቀም የሚል ይኖራል። መልሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ፊሸርም፣ ቫለንቲኖም፣ ቶሪም ዘፈኑ በሚፈጠርበት ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ የጨመሩት ነገር ሥራው የመጨረሻ መልኩን ከመያዙ በፊት ስለገባ «ተባባሪ ደራሲ» የሚለው ቃል ይይዛቸዋል። ዊታከር ግን የመጣው ተጽፎ፣ ተቀርጾ፣ ተሽጦ ባለቀ ዘፈን ላይ ነው። ባለቤቱ ባዘዘው መሠረት የሌላ ሰው ዘፈን አላመደ። የፈጠራው መጠን ከፊሸር የሚበልጥ ቢሆንም እንኳ የገባበት በር ስለተለየ ሕጉ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ፍትሕ ስለ ፈጠራ መጠን ሳይሆን ስለ መግቢያ በር ሲጠይቅ፣ ቢያንስ ለሙዚቃ ባለሙያ ጆሮ፣ እንግዳ ነገር ይሆናል።

የተቃራኒው ወገን ሙግትም ሊሰማ ይገባዋል፤ የማይረባ አይደለምና። አቀናባሪ ዘፈኑ ባይሸጥም ይከፈለዋል፤ ደራሲው ግን ዘፈኑ ከወደቀ ባዶ እጁን ይቀራል። ኦልድሃም ያን የኦርኬስትራ አልበም ሲያሠራ ዊታከር ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ስለ አልበሙ መሸጥ አለመሸጥ የሚጨነቀው ሌላው ነበር። ከዚህም በላይ ቅንብር የሠራ ሁሉ ድርሻ ይኑረው ከተባለ አንድ ዘፈን እያደር ባለቤቱ ይበዛና ፈቃድ ለመስጠት የሚሰበሰበው ሰው አዳራሽ ይሞላል። እነዚህ እውነት ናቸው። ነገር ግን የኪሳራ ሥጋት ያለመሸከም ክርክር የፊልም ሙዚቃ ደራሲንም ይመለከተዋል፤ እሱም ፊልሙ ቢወድቅ ባይወድቅ የተስማማበት የሥራ ክፍያ አይነካም፤ ደራሲነቱን ግን ማንም አይጠይቀውም። ሙግቱ በአንዱ ላይ ከሠራ በሌላውም ላይ መሥራት ነበረበት። በአንዱ ላይ ብቻ መሥራቱ የሚያሳየው ነገሩ ከመርህ ይልቅ ከኃይል ሚዛን የመጣ መሆኑን ነው፦ የዘፈን አሳታሚዎች ገበያውን ቀድመው በግጥምና በዜማ ከፋፍለው ጨርሰውታል፤ አቀናባሪው የመጣው ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ነው። የቢትልስ ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲን እንኳን፣ በ1966 ለ«ኤሊነር ሪግቢ» አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላና ሁለት ቼሎ ብቻ አሰልፎ ዘፈኑን አሁን የምናውቀው ዘፈን ሲያደርገው፣ በደራሲነት የተመዘገቡት ሌነንና ማካርትኒ ናቸው።

ማሽኑ የሚማረው ምንድን ነው?

ጉዳዩ የአሮጌ ሸክላ ሰብሳቢዎች ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው በቃል ትእዛዝ ብቻ ሙዚቃ የሚሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች መምጣታቸው ነው። ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች በጁን 2024 ሱኖና ዩዲዮ የተባሉትን አገልግሎቶች ከስሰዋል፤ በ2025 መጨረሻ ዩኒቨርሳል ከዩዲዮ፣ ዋርነር ከሱኖ ጋር በስምምነት ጨርሰዋል። በብሪታንያ መንግሥት በዲሴምበር 2024 የቅጂ መብት ያላቸውን ሥራዎች ማሽኖች እንዲማሩባቸው የሚፈቅድ ሐሳብ ለውይይት ሲያቀርብ፣ ከ1,000 በላይ ሙዚቀኞች በፌብሩዋሪ 2025 ባዶ ስቱዲዮዎችን ብቻ ቀርጸው ድምፅ አልባ አልበም በማውጣት ተቃውመዋል።

በእነዚህ ክርክሮች ውስጥ የሚናገሩት የቀረጻ ባለመብቶች፣ ዘፋኞችና ዜማ ደራሲዎች ናቸው። ሆኖም ማሽኑ በጥሩ ሁኔታ የሚኮርጀው ነገር ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ተጠቃሚ «የ1960ዎቹ የለንደን ኦርኬስትራ፣ ከፍ ያሉ ቫዮሊኖች፣ ከሩቅ የሚሰማ ደወል» ብሎ ሲያዝ፣ ከማሽኑ የሚጠይቀው የማንንም ዜማ አይደለም፤ የማንንም ግጥም አይደለም። የሚጠይቀው አቀናባሪ የሚሠራውን ነው፦ የመሣሪያ ምርጫ፣ የድምፅ ጥልቀት፣ የመግቢያና የመውጫ ቅደም ተከተል። ዜማን መቅዳት ፍርድ ቤት ያስቀርባል፤ የቅንብርን መንፈስ መቅዳት ግን በአብዛኛው አያስቀርብም። ስለዚህ ማሽኑ ያለ ሥጋት ሊዘርፍ የሚችለው፣ ሕጉ አስቀድሞ ያለ አጥር የተወውን ማሳ ነው። በስምምነቶቹ ገንዘብ ሲከፋፈል ደግሞ የሚታየው የባለመብቶች መዝገብ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ያልተጻፈ አቀናባሪ ከመጀመሪያው እንደሌለ ይቆጠራል።

በ2025 ክረምት የብሪታንያ የሙዚቃ ኩባንያዎች ለቀረጻ የሚቀጠሩ ሙዚቀኞችን ክፍያ ለማሳደግ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ንግግር ተስማምተዋል። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ግን የክፍያው መጠን ነው የተነካው እንጂ የክፍያው ዓይነት አልተነካም። ተከፋዩ አሁንም ተከፋይ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ለውጥ ምናልባት የፈረንሳዮቹ መንገድ ነው፤ አዲስ ሕግ ሳያስፈልግ የደራሲዎች ማኅበሩ ቅጽ ላይ ለአቀናባሪ አንድ መስመር ማኖርና ጥቂት መቶኛ መተው። ዋናው ደራሲ ይህን ቢፈቅድ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ዘፈኑ ግን ማን እንደሠራው በእውነት የሚናገር መዝገብ ያገኛል።

በብሪታንያ የአንድ ድርሰት የቅጂ መብት የሚዘልቀው ደራሲው ካረፈበት ዓመት መጨረሻ አንሥቶ ለ70 ዓመት ነው። ዊታከር በ2012 ስላረፈ፣ ጥቂት የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ብቻ የሚያስታውሱት የ«ቫምፓየር ሰርከስ» ሙዚቃ እስከ 2082 መጨረሻ ድረስ ጥበቃ አለው፤ የጊዜው መለኪያም የእሱ ሞት ነው። «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» ጥበቃው የሚያልቅበት ቀን ሲሰላ ግን የሚታየው የሌሎች ሰዎች ዕድሜ ነው፤ ቫዮሊኖቹን የጻፈው ሰው መቼ እንደ ሞተ ለስሌቱ አያስፈልግም።